ለሮዚ የሚሆን ኮርቻ

ይህን ያስጻፈችኝ ውብአለም ናት። የማኅበራችን ጸሐፊ ነች፤ በየሦስት ወሩ በፎቶኮፒ የምትባዛ መጽሔት አለችን፣ በየእትሟም ቶሮንቶ ከሚኖር ሐበሻ የአንዱ ሕይወት ይወጣባታል። «አሁን ተራው የሀብተማርያም ነው። ከሱዳን ጀምሮ የምታውቀው አንተ ስለሆንክ አንተ ጻፈው፣ ጥጋቡ» አለችኝ። እሺ አልኩ። ስልኩን ስዘጋ ግን ከፋኝ። ስለ እኔ ጻፉ ተብሎ ለማንም ተደውሎ አያውቅም። እንግዲህ ከመነሻው ልናገረው፤ እኔ በሀብተማርያም እቀናለሁ። ግማሾቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ ሌሎቻችሁም ዛሬ እወቁት።

ሀብተማርያም አጭር፣ ቀጭን፣ ሲናገር ጠጋ ካላሉት የማይሰማ ሰው ነው። አዲስ አበባ እያለ ጫማ ሰፊ ነበር። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ከአጎቱ ጋር በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሲሰፋ ነው ያደገው። የተገናኘነው ሱዳን፣ ከሰላ ከተማ ነው፣ ስድስት ሆነን አንድ ክፍል ስንኖር። በፈረንጆች 1989 በአንድ ወር ልዩነት ቶሮንቶ ገባንና ፓርክዴል በሚባል ሠፈር አንድ ክፍል አብረን ተከራየን። እኔ ሆቴል ዕቃ አጥብ ነበር፣ እሱ ሣጥን ፋብሪካ ገባ። እስከዚያ ድረስ እኩል ነበርን፤ እኩል ስንሆን ደግሞ በጣም እወደው ነበር።

በሁለተኛው ዓመት በከተማው ምዕራብ በኩል ካለ የኮርቻ ሱቅ ዘው ብሎ ገብቶ ሥራ ጠየቀ። ባለሱቁ ሽማግሌ ነው። ሊያባርረው ፈልጎ ይሁን ሊፈትነው አንድ የተተረተረ ኮርቻ ሰጠው። ሀብተማርያም እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጦ ሰፍቶ መለሰለት። ስፌቱ ከድሮው ይልቅ ስለጠነከረ በማግስቱ ሥራ ጀመረ። በኋላ የሽማግሌው ዐይን ሲደክም ለፈረስና ለሰው የሚሆን ኮርቻ መምረጡንም ለሀብተማርያም ተወለት።

አሁን እኔን ተመልከቱ። እኔ የዳንግላ ልጅ ነኝ። አባቴ ፈረስ ነበረው፣ አጎቶቼ ጉግስ ይጫወቱ ነበር፣ እኔም ሰባት ዓመት ሳይሞላኝ ነው ፈረስ ላይ የተቀመጥኩት። በዚህ ከተማ ካሉ ሐበሾች መሀል ስለ ፈረስ እኔን የሚስተካከል የለም ብዬ አምን ነበር። እኔ ግን ታክሲ ነጂ ሆኜ ቀረሁ፤ በፈረስ እንጀራ የሚበላው ጫማ ሰፊው ነው። ይህ ፍርድ ነው? እስቲ እናንተ ንገሩኝ።

አንድ ቀን በ1995 ክረምት፣ በረዶው ተቆልሎ ሳለ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ሱቁ ሄድኩ። ሰፊ ባርኔጣ ያደረገ ግዙፍ ገበሬ ከነሚስቱ ቆሟል። ሽማግሌው ልርዳህ ሲለው «የለም፣ ሀብን እጠብቃለሁ» አለ። ሀብ የሚሉት የኔን ሀብተማርያም ነው። እሱም ሽርጡን እንዳደረገ ከጓዳ ወጣ፣ ገበሬው ካመጣው ኮርቻ ስር እጁን አስገብቶ ቀስ ብሎ እየዳሰሰ ያስረዳ ጀመር። ግዙፉ ሰውዬ እንደ ተማሪ ያዳምጠዋል። ሀብተማርያም እኔን ሲያየኝ ፊቱ በራና «ይሄ ጓደኛዬ ነው፤ ስለ ፈረስ ከእኔ በላይ ያውቃል» ብሎ አስተዋወቀኝ። ሰውዬው ደረቴ ላይ የተለጠፈውን የታክሲ መታወቂያ አየና አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ወደ ሀብ ዞረ። ሀብተማርያም ያለው ነገር ደግነት ነው፤ እኔን ያቃጠለኝም ደግነቱ ነው። ያን ቀን የጫንኩትን ሰው ሁሉ ስቆጣ ዋልኩ።

በዚያው ዓመት የፋሲካ ሰሞን የሠፈር ጋዜጣ ፎቶውን አወጣው፤ ኮርቻ ታቅፎ፣ እንደ ልማዱ አፍሮ። ከማኅበራችን አንዷ፣ የሻሽወርቅ፣ ልጇን ክርስትና ያስነሳች ዕለት ፍሌሚንግደን ፓርክ ቤቷ ተሰብስበን ሳለ ጋዜጣው ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ጀመር። አንዱ ያደንቃል፣ ሌላው ይመርቃል። በኋላ ከእናቷ ጋር ከአገር ቤት የመጣችው የኔ ልጅ ፅዮን ሳትቀር ያን ጊዜ የአሥር ዓመት ልጅ ሆና አጠገቡ ተለጥፋለች። ጋዜጣው እኔ ዘንድ ሲደርስ አፌ ከእኔ ቀደመ። «አገር ቤት ቢሆን እኮ ፋቂ ቤት ማንም አይቀመጥም ነበር» አልኩ።

እዚህ ለተወለዳችሁት ልንገራችሁ። ፋቂ የሚባለው ቆዳ የሚያለፋው፣ በቆዳ የሚሠራው ሰው ነው። ኮርቻውን እንገዛዋለን፣ ጫማውን እናደርገዋለን፣ ከእሱ ጋር ግን ማዕድ አንቆርስም ነበር፤ ልጅም አንሰጠውም። ከዚያ ሁሉ ርቀን መጥተን እኔ ያንን ነውር በሻንጣዬ ይዤው መጥቻለሁ ማለት ነው። ሀብተማርያም የጎረሰውን ዋጠ፣ እጁን ታጠበ፣ የሕፃኑን ግንባር ሳመና «እግዚአብሔር ያሳድገው» ብሎ ወጣ። ባለቤቴ ተሻለች ቤታችን እስክንገባ አላናገረችኝም። ጥፋቴን አውቄዋለሁ፣ ግን ይቅርታ አልጠየቅኩም። ከዚያ በኋላ ከሀብተማርያም ጋር ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ አንገት መነቅነቅ ብቻ ሆነ።

በዓመቱ ግንቦት ላይ ሊንዳ የምትባል ፈረንጅ መኪናዋ ተበላሽቶባት በታክሲዬ እስከ እርሻዋ ወሰድኳት። እርሻው ከእኛ ሠፈር ከጄን ኤንድ ፊንች በፎር ሀንድረድ አውራ ጎዳና ሽቅብ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። የሰው ፈረስ ታስተዳድራለች፣ ልጆችም ግልቢያ ታስተምራለች። አጥሩ ውስጥ አንዲት ትንሽ ዳማ ፈረስ አየሁ። ግንባሯ ላይ ነጭ ነጥብ አላት፣ ስሟ ሮዚ ነው። ባለቤቷ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ሊዛወር ስለነበር ሊሸጣት ፈልጓል። በስንት እንደገዛኋት አልናገርም፣ ተሻለች ታነበዋለች። ለቀለቧ ደግሞ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሊንዳን ጋጣ ልጠርግ ተስማማሁ።

የታክሲ ተራ ላይ «አባ ሮዚ» ይሉኝ ጀመር። ስቀው ነው፣ እኔ ግን ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱን ልናገር ካልኩ ከፈረሷ በላይ ደስ ያለኝ ወሬው ሀብተማርያም ጆሮ መድረሱ ነው። እሱ የሰው ኮርቻ ይጠግን፣ እኔ የራሴን ፈረስ እጋልባለሁ አልኩ። ፅዮንም እኔን እያየች ታድጋለች።

ኮርቻ ሲያስፈልገኝ ሐበሻ ሁሉ የት እንደሚኬድ ያውቃል። እኔ ግን በሀብተማርያም ሱቅ በር ላይ ሆን ብዬ በመኪና አልፌ፣ ሰሜን በኩል ጎተራ ውስጥ የሚካሄድ ጨረታ ሄድኩ። የካውቦይ ኮርቻ ነው የፈለግኩት፣ ፊቱ ላይ ቀንድ የሚሉት መጨበጫ ያለው። አንዱን ሳየው ልቤ ቆመ። ቆዳው በአበባ ቅርጽ ተጠርቧል፣ ጥግ ጥጉ ብር ለብሷል። እንጨት ላይ ሰቅለውት ነበርና ወጥቼ ተቀመጥኩበት፤ እንደ ሶፋ ተቀበለኝ። ሻጩ ስለ ፈረሷ ጀርባ ሊጠይቀኝ ሲጀምር «እሱን ለእኔ ተወው» አልኩት። አጎቶቼ ኮርቻ ሲመርጡ ሰውዬው ይቀመጥበታል፣ ከተመቸው ተመቸው። ከስሩ የጎደለውን ጨርቅ ይሞላዋል። እኔም የማውቀው ይህንን ነው፤ የሚያውቅ ሰው ደግሞ አይጠይቅም።

ሰኔ ላይ ሮዚ ኮርቻውን ስታይ ጆሮዋን ወደ ኋላ መለጠፍ ጀመረች። ጎረበጣት ብዬ ሁለተኛ ብርድ ልብስ ጨመርኩ። ሐምሌ ላይ የሆድ ጠፍሯን ሳጠብቅ ክንዴን ነከሰችኝ፤ ሦስተኛ ጨመርኩ። ነሐሴ ላይ ፅዮን አጥሩ ላይ ተደግፋ እያየችኝ፣ ሮዚ ወገቧን አጉብጣ ዘለለችና ጭቃ ላይ ጣለችኝ። በዚያ ዕለት የሚማሩ ትንንሽ ልጆች ነበሩ። ሊንዳ እየሮጠች መጥታ ፈረሷን ያዘች። ቁጡ አይደለችም፣ ግን ነገሯን አሳጥራ ነው የምትናገረው። እስከ ወሩ መጨረሻ ሮዚ ካልተስተካከለች እርሻው ላይ እንደማታቆያት፣ ሌላ ማቆያ ቦታ ካላገኘሁላት ጨረታ እንደምትሄድ ነገረችኝ። ጨረታ ላይ ዐመለኛ ትንሽ ፈረስ ማን እንደሚገዛ የማያውቅ የለም። ለሥጋ በኪሎ የሚገዛ ነው የሚገዛት።

ፅዮን ሰምታለች። መኪና ውስጥ ቀበቶዋን ሳታስር ተቀመጠች።

«ዳድ፣ ጋሼ ሀብቴን ኮል አድርገው» አለችኝ።

«ሥራ ይበዛበታል።»

«ዩ ዲድንት ኢቭን አስክ ሂም» አለችና፣ መቼ ጠየቅከው ማለቷ ነው፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ለሦስት ቀን አልጠየቅኩትም። ለፈረሷ እሞታለሁ እያልኩ ለአንድ ስልክ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። የሚያነቀኝ ይቅርታው ብቻ አልነበረም። ልጄ ችግር ሲመጣ በመጀመሪያ የጠራችው የእሱን ስም ነው። በአራተኛው ቀን ስልኩን ትቼ በእግሬ ሄድኩ። ሀብተማርያም አቀርቅሮ ይሰፋል። መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፣ አንዱም አልወጣ አለ።

«ፈረሴ ታመመችብኝ» አልኩት።

መርፌውን አስቀመጠ። «የት ጋ?» አለኝ። የጠየቀኝ ይህን ብቻ ነው። «ቅዳሜ ኦፍ ነኝ፣ እመጣለሁ።»

ቅዳሜ ሦስት ኮርቻ ይዞ መጣ፣ ሁለቱን በታክሲዬ ኋላ ጫንን፣ አንዱን ፅዮን ታቀፈችው። እርሻው ስንደርስ ምንም ነገር አልነካም። መጀመሪያ ከሮዚ ፊት ቆመና እጁን አስሸተታት፤ ከዚያ ከአንገቷ ጀምሮ እስከ ወገቧ ቀስ እያለ ዳሰሳት። እኔ በአራት ወር ውስጥ እንደዚያ አልነካኋትም። ያኔም ቀናሁ፣ በፈረሴ ቀናሁ፤ አንገቷን ትከሻው ላይ ስታሳርፍ እያየሁ።

«ሁልጊዜ እንደምትጭናት ጫንልኝ» አለኝ።

ሦስቱን ብርድ ልብስ ደራረብኩ፣ ባለ ብሩን ኮርቻ አወጣሁ፣ ጠፍሩን አጠበቅኩ። እሱ ከፊት በኩል ጫንቃዋ ላይ እጁን ከስር ሊያስገባ ሞከረ። አልገባለትም።

«ጠብቧታል» አለ።

«ጎረበጣት ብዬ እኮ ነው የጨመርኩት።»

«የጠበበ ጫማ ላይ ሦስት ካልሲ ብትደርብ ይሰፋልሃል፣ ጥጋቡ?»

ቢያሾፍብኝ በወደድኩ፤ አላሾፈም። ለሩብ ሰዓት በገመድ አስዞራት፣ ከዚያ ኮርቻውንም ብርድ ልብሱንም አነሳው። ጀርባዋ በሙሉ በላብ ርሷል። ጫንቃዋ ግራና ቀኝ ላይ ግን መዳፍ የሚያክሉ ሁለት ደረቅ ቦታዎች አሉ። «የሚጫናት እዚህ ነው፤ ተጨፍልቆ ላብ እንኳ መውጫ አጥቷል» አለ። ፅዮን በጣቷ ነካ ስታደርጋት ሮዚ ተሸማቀቀች። ልጄ ዞራ አየችኝ። ፈረሰኛ ነኝ ብዬ ያሳየኋት ሁሉ የፈረሷ ሕመም ነበር።

ከዚያ ያመጣቸውን ኮርቻዎች ያለ ምንም ጨርቅ፣ ባዶ ጀርባዋ ላይ እያሳረፈ ያሳየን ጀመር። የመጀመሪያው ፊቱን ሲጫኑት ኋላው ይነሣል። ሁለተኛው ከፊትና ከኋላ ተቀምጦ መሀሉ ላይ ብርሃን ያሳልፋል። ሦስተኛው አሮጌ ነው፤ ጌጥ የለው፣ ቀንዱ ላይ ያለው ቆዳ ተልጧል። ያንን ሲያሳርፈው ግን አረፈ። ጫንቃዋና ኮርቻው መሀል ሦስት ጣት ገባ፣ ከስሩ እጁ ሳይደናቀፍ ከፊት እስከ ኋላ አለፈ፣ የኋላው ቆዳም ወገቧ ላይ ሳይደርስ ቆመ። «ይኼ ነው» አለ።

አጥሩ ላይ አስቀምጦ «እስቲ ተቀመጥበት» አለኝ። ተቀመጥኩ። ሆዴ ከፊት ከቀንዱ ስር ተወተፈ፣ መቀመጫዬ የኋላ መደገፊያው ላይ ወጣ። በሆዴና በቀንዱ መሀል አራት ጣት መግባት ነበረበት፤ አንድም አልገባ።

«ላንተ አሥራ ሰባት ኢንች መቀመጫ ነው የሚሆነው» አለኝ። «የእሷ ጀርባ አጭር ነው፣ ከአሥራ አምስት በላይ አይችልም። ከዚያ የበለጠ ወገቧን ይመታታል።»

«እና ምን ይሻላል?»

ፅዮንን አየ፣ መሬቱን አየ። «ለእሷም ላንተም የሚሆን ኮርቻ የለም። እኛም ጋ የለም፣ የትም የለም። ወይ ፈረሱን ትቀይራለህ ወይ ጋላቢውን።»

ደሜ ፈላ። ብድሩን መለሰልኝ ብዬ ነው ያሰብኩት። በልጄ ፊት፣ በገዛ ፈረሴ ጀርባ ላይ። «ስለዚያ ቀን ነው፣ አይደል?» አልኩት።

«ስለዚያ ቀን ቢሆን አልመጣም ነበር» አለኝ፣ በዚያች በማትሰማ ድምፁ።

ብርድ ልብሶቼን አጣጠፍኩ። አንዱን ሁለቴ አጣጠፍኩት፣ እጄ ሥራ እንዲይዝ። ሮዚን ሸጬ ትልቅ ፈረስ ብፈልግ ማን ይገዛታል? ካቆየኋት ደግሞ አባ ሮዚ መባሌ ለሰው ወሬ ብቻ ይቀራል፣ እኔ ዳግመኛ አልወጣባትም። «ለፅዮን ለካላት» አልኩ። ፅዮን «ፎር ሪል? እውነትህን ነው?» ብላ እጄን ያዘችኝ፤ ሀብተማርያም ግን ወዲያው እርካቡን ማሳጠር ጀመረ። ትንሽ እንደሚሰፋት፣ ግን እንደምታድግበት ነገራት። ለሦስት ሳምንት ማንም እንዳይቀመጥባት፣ ጀርባዋ እስኪድን እንድናሳርፋት አዘዘ። ሊንዳም ደረቁን ቦታ በዐይኗ አይታ ቀጠሮዋን አራዘመችልን።

ከመስቀል በኋላ ባለው ቅዳሜ ሦስታችን ተመልሰን ሄድን። ፅዮን ወጣች። ሮዚ ጆሮዋን ወደ ፊት አቁማ፣ አንገቷን ዘርግታ ሄደች፤ ያች የነከሰችኝ ፈረስ ይህች ናት ቢሉኝ አላምንም። ልጄ ጀርባዋን ቀና አድርጋ ስትዞር አየኋትና ለእግዚአብሔር ምስጋና ማቅረብ ሲገባኝ ቀናሁባት። በአብራኬ ክፋይ ቀናሁ፤ ይህንንም ጽፌዋለሁ። ልጅቷ ደግሞ በእኔ በኩል ባለፈች ቁጥር አንገቷን አስግጋ «ጋሼ ሀብቴ፣ እግሬ ልክ ነው?» ትላለች።

አጥሩን ተደግፈን ቆመን ሳለ በመጨረሻ ተናገርኩት። «የየሻሽወርቅ ቤት ያልኩት ነገር...» ብዬ ጀመርኩ።

«እሱን አገር ቤትም ሲሉኝ ነው ያደግኩት» አለ። «ለምጄዋለሁ። ያስከፋኝ ሌላ ነው።»

«ምንድን ነው?»

«ፈረስ ገዛ ብለው ሲነግሩኝ ኮል ታደርግልኛለህ ብዬ ጠበቅኩ። ከሰላ እያለን ስለ ፈረስ ስታወራ፣ ካናዳ ስንገባ አንድ ቀን አስቀምጥሃለሁ ብለኸኝ ነበር። ሌሎቹ ሲተኙ እኔ ነበርኩ እስከ መጨረሻው የማዳምጥህ። ሱቁም የገባሁት አንተ ያወራኸው ነገር መስኮቱ ላይ ተሰቅሎ ስላየሁ ነው።» ፅዮንን በዐይኑ ተከተላት። «ይኸው አምስት ዓመት ለሰው ኮርቻ እለካለሁ። ፈረስ ላይ ወጥቼ አላውቅም።»

ያንን ቃል መስጠቴን ጨርሶ ረስቼዋለሁ። እንደዋዛ ያልኩት ነው የሚሆነው፣ ስድስት ሰው በሚተኛበት ክፍል ሰዓት ለመግፋት። እኔ የቀናሁበት ዕውቀት ሁሉ መነሻው የእኔ ወሬ ነበር፤ እሱ ግን አንድም ቀን ቃሌን መብላቴን ለማንም ነግሮ እኔን አላሳነሰኝም።

ፅዮንን አወረድኳት። እርካቡን ሁለት ቀዳዳ አረዘምኩለት፣ ጎንበስ ብዬ ጫማውን በሁለት እጄ ያዝኩና አነሣሁት። ቀንዱን ጨብጦ ተቀመጠ። አሥራ አምስት ኢንቹ ልክክ አለለት፤ ከፊቱ አራት ጣት፣ ከኋላው ምንም የማይጎረብጥ። ገመዱን ይዤ መሄድ ጀመርኩ፣ ፅዮንም በጎን ተከተለችን። እንዴት እንዳማረበት አልደብቅም። እንደ ልማዴም ቀናሁ።

ሁለት ዙር ዞርን። ሦስተኛውን ልንጀምር ስንል ጎንበስ አለና «ይበቃል፣ አውርደኝ፤ እሷም ይደክማታል» አለኝ። እኔ አራት ወር ሙሉ ስቀመጥባት አንድም ቀን ደክሟት ይሆን ብዬ አላውቅም።